የልጄ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ

የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው፣ ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ቢመለከት ጥፍሩ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ነው። የቀረው ብዥታ ነው። ብዥታውን አእምሮ ከትዝታና ከግምት እየሞላ፣ ዓለምን በሙሉ ያየን ያስመስለናል። ማየት እንግዲህ መምረጥ ነው፤ ወደ አንዱ የዞረ ዓይን ሌላውን ትቶ ነው። ይህን ጅግጅጋ ውስጥ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ አውራ ጣታቸውን እየዘረጉ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ልጄ ስትመርጥ አይቻለሁና፤ የመረጠችውም እኔን አልነበረም።

ወደ ጅግጅጋ የመጣነው በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ባለቤቴ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው በሲቲ ዞን፣ ደምበልና አፍደም አካባቢ ስለነበር ቤት የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ጎን ለጎንም የዶክትሬት ጥናቴን ጀመርኩ። ርእሱ የዓይን ትኩረትና ቀልብን የሚሰርቁ ነገሮች ነበር።

ልጃችን ያን ጊዜ ዓመት አልሞላትም። ሕፃናት በዚያ ዕድሜ አካባቢ አንድ ነገር ይጀምራሉ፤ የሚያምኑት ሰው ወደሚያይበት ያያሉ። አንድ ጠዋት መስኮት አጠገብ አቅፌያት ቆሜ፣ ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ በመንገዱ ሲያልፍ ተመለከትኩ። እሷ ፊቴን አየች፤ ዓይኔን ተከትላ ጋሪውን አየች፤ ከዚያም ትክክል መሆኗን ለማረጋገጥ ወደ ፊቴ ተመለሰች። መጻሕፍት ይህን ክስተት በብዙ ገጽ ይተነትኑታል። በእኔ ሕይወት ውስጥ ግን የአንድ ጠዋት ንብረት ሆኖ ቀረ።

አከራያችን በዚያው ግቢ ትልቁን ቤት ይዛ የምትኖር የሶማሌ ነጋዴ ናት። ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያስመጣች መሃል ከተማ ባለው ሱቋ ትሸጣለች። ሰፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋም፣ ሳቋም፣ ልብሷም ሰፊ። ቤት ውስጥ የምትለብሰው ስስና ረጅም ድሪያ አንድ ቀን ብርቱካንማ፣ በማግስቱ እንደ ሎሚ ቢጫ፣ ሌላ ቀን ወይን ጠጅ ነው። አእምሮ ዓይንን የሚያዝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ከላይ ይመጣል፤ የምንፈልገውን እናውቃለን፣ ዓይናችንን ወደዚያ እንልካለን። ሌላው ከታች ይመጣል፤ የሚያበራ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ድንገት ብቅ የሚል ነገር ሳንፈቅድለት ዓይናችንን ይነጥቀናል። አከራዬ ሁለተኛው መንገድ ናት። ግራጫ ሹራብ የለበሰችና ዝግ ብላ የምትናገር ሴት በእንዲህ ያለ ውድድር ውስጥ ምንም ዕድል የላትም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያስዘጋ ሁላችንም በአንድ ግቢ ታጎርን። የምጽፍበት ክፍል በሩ ተዘጋ። ልጄ ስታንኳኳ «በኋላ» እላታለሁ። ይህን የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም። በሩን ዘግቶ የሚጽፍ አባት ምሁር ይባላል፤ ልጆቹም በእግር ጣታቸው እንዲሄዱ ይነገራቸዋል። እኔ በሬን ስዘጋ ግን በዚያ በኩል የተከፈተ በር ነበረ። ልጄ ከደጄ ተነስታ ወደ አከራዬ በረንዳ መሄድ ለመደች። በረንዳው ላይ ሁልጊዜ ልጆች አሉ፤ የራሷ፣ የእህቷ፣ የማን እንደሆኑ ያልገባኝ።

የአከራዬን ጨርቅ የሚያመላልሰው ፒካፕ ከቶጎጫሌ ሲመለስ ሾፌሩ በር ላይ ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ይነፋል። ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ከጨርቁ ጥቅልል ሥር ብስኩትና የካርቶን ጭማቂ እንደማይጠፋ ያውቃሉና። አከራዬ ታድላለች፣ ትቀልዳለች፣ የአንዱን ጉንጭ ትቆነጥጣለች። ልጄ ገና እግሯ ሳይጠና ከሁሉም ቀድማ መድረስ ጀመረች። ከሽልማት ጋር የተጣመረ ምልክት በአእምሮ ውስጥ ዋጋ ያገኛል፤ ሽልማቱ ቢቀር እንኳ ምልክቱ ዓይንን መጥራቱን ቶሎ አይተውም። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ይህን አንቀጽ የጻፍኩት በዚያው ወራት፣ በዚያው ግቢ፣ ጥሩምባው እየተነፋ ነው።

«ኤዶ» በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ልጄ አከራዬን የምትጠራት እንዲህ ነው፤ ያውም በሩ ገና ሳይከፈት። እኔ ከሥራ ስመለስ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ ወደያዘችው ነገር ትመለሳለች። አንድ ሰው የሚያገኘው የዓይን ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ መለካት ሙያዬ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ለራሴ ማድበስበስ አልቻልኩም። ባለቤቴ ከደምበል ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ በዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ በወተት ይጠጣል። «ጥሩ ሴት ናት» ይለኛል። ጥሩ አይደለችም አላልኩም። መጥፎ ብትሆን ነገሩ ምንኛ በቀለለ።

በዚያ ግቢ የአከራዬን ድሪያ ቀለም የሚከታተሉት ዓይኖች የልጄ ብቻ አልነበሩም። ቀናተኛ ሰው የሚጠላውን ነገር ከማንም ቀድሞ ያያል። ምን ቀለም እንደለበሰች በመስኮቴ ሳላይ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።

በ2014 ዓ.ም. ጥናቴን ተከላክዬ ተመረቅሁ። አከራዬ ሳልጠይቃት ፍየል አሳረደች፤ ሩዙን በትልልቅ ሳህን አቀረበች። የሥራ ባልደረቦቼን እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ያላሳቅኋቸውን ያህል በአንድ ከሰዓት አሳቀቻቸው።

«ዶክተር ተከራይ አለኝ፤ በከተማው ማን አለው?» ትላለች። «ችግሩ፣ ኪራይ ብጨምርባት በእንግሊዝኛ ትሰድበኛለች!»

«አንቺም በሶማልኛ መልሺላት» አላት አንዱ መምህር።

«ኧረ እሷ ስድቡንም 'በኋላ' ነው የምትለኝ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ለምን እንደሳቁ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሶማሌዎች ለሰው ሁሉ ቅጽል ያወጣሉ፤ አንካሳውን አንካሴ፣ ረጅሙን ግመል ይሉታል፤ ባለቤቱም አይቀየምም። የእኔ በግቢው ውስጥ «በኋላ» ኖሯል። በዚያው ከሰዓት ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ሁሉም ሰው ካሜራውን ያያል። ልጄ ብቻ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ጠምዝዛ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ የቆመ ሰው ታያለች። በጠርዙ ላይ የብርቱካንማ ጨርቅ ጫፍ ይታያል። ፎቶው ዛሬም አለኝ። አልቀደድኩትም፤ ማስረጃ አይቀደድም።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ነበረኝ። ከአዲስ አበባ የሥዕል መጻሕፍት አስመጣሁ፤ ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩላት። አንዱን መጽሐፍ ስሰጣት ከጀርባው ከፈተችው።

«ከዚያ አይደለም» አልኳት።

«ከዚህ ነው» አለችኝ፤ እየሳቀች።

አዙሬ ሰጠኋት። ሥዕሎቹን ስታይ ዓይኗ ከቀኙ ገጽ ይነሳል። ጨዋታ መሰለኝ።

በ2015 ዓ.ም.፣ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ለተማሪዎቼ የተግባር ልምምድ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ወረቀቱ ላይ ኮከቦች፣ ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች ተበታትነዋል፤ ተፈታኙ ኮከቦቹን ብቻ እየፈለገ በእርሳስ ይሰርዛል። ቀላል ነው፤ ግን ዓይን ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ፣ ምኑን ዘሎ እንደሚያልፍ ያሳያል። የቀኙ የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው ይህን ወረቀት ሲጨርስ የግራው ግማሽ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ዓይኑ ታሞ አይደለም፤ ግራ የሚባለው ዓለም ከቀልቡ ወጥቶ ነው።

ለልጄ እንደ ጨዋታ ሰጠኋት። ከቀኙ ጥግ ጀመረች። ከላይ ወደ ታች ወረደች፤ ትንሽ ወደ ግራ ገባ ብላ እንደገና ከላይ ተነሳች፤ አንድም ኮከብ ሳትስት መሃል ደረሰች። ከዚያ ቀና አለች፤ እርሳሱን አስቀመጠች።

«ጨረስኩ።»

«ይኸኛውስ?» አልኳት፤ የግራውን ግማሽ በእጄ እየጠቆምኩ።

እጄን አላየችውም። «ጨረስኩ፣ እማዬ» ብላ ከወንበሩ ወርዳ ሮጠች።

በማግስቱ ጠዋት ደገምኩት። እንደገና ከቀኝ። ይህን ጊዜ መሃል ሳትደርስ ወረቀቱን የነጠቅኳት እኔ ነኝ፤ ያ ባዶ ግማሽ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ ሆኖ ሲቀር ለማየት አልደፈርኩም። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው የሕመምተኞች ወረቀት ይህንኑ ይመስላል። ባለቤቴን አፍደም ደወልኩለት። ስልኩ እየተቆራረጠ «ምናልባት ሰልችቷት ይሆናል እኮ» አለኝ። የዚያን ሳምንት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ።

የነርቭ ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጉልበቷን መቱ፤ ዓይኗን በብርሃን አዩ፤ አስሮጧት፤ አሳቋት። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ወረቀት ሰጧት። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ልጄ ከቀኝ ጀመረች፤ መሃል ደረሰች፤ መሃሉን አለፈች፤ እስከ ግራው ጠርዝ ያሉትን ኮከቦች ሁሉ ሰርዛ እርሳሱን አስቀመጠች።

«ልጅዎ ጤነኛ ናት» አሉኝ። «ከቀኝ መነሳቷ ግን ልማድ ይመስላል። ማንበብ የጀመረችው በምን ፊደል ነው?»

«ማንበብ አልጀመረችም።»

ወረቀቱን አንስተው እንደገና አዩት። «ጀምራለች» አሉ። «ለእርስዎ አልነገረችዎትም እንጂ።»

ንባብ ለዓይን መንገድ ያበጅለታል። ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ የለመደ ሰው ሥዕልም ሆነ የሰው ፊት ሲያይ ከግራ መነሳት ይቀናዋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ያነበበ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ስለዚሁ አንድ ክፍል አለ። ብዙ የጅግጅጋ ልጆች ከትምህርት ቤት ፊደል በፊት በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈ የቁርኣን ፊደል እንደሚያውቁ እዚያው ጽፌያለሁ። የጻፍኩት ስለ ሌሎች ሰዎች ልጆች ነው።

ባለቤቴ በስልክ «ታዲያ ደስ አይልሽም? ደህና ናት ተባለ እኮ!» አለኝ። ደስ ብሎኛል አልኩት። ፍርሃቱ ሲወጣ ከሥሩ ያገኘሁትን ነገር አልነገርኩትም።

ጅግጅጋ በተመለስን በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከወትሮው ቀደም ብዬ ከሥራ ወጣሁ። የአከራዬ በረንዳ ላይ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሉሖቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ወደፊት ወደኋላ እያሉ ያነብባሉ። መዓሊሙ፣ ልጆቹን ቁርኣን የሚያስነብቡት ሽማግሌ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ መሃላቸው ናት። የእሷ ሉሕ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ በልኳ ተቆርጦላታል። ጣቷ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አፏ ይከተለዋል። አከራዬ ከኋላዋ ተቀምጣ፣ ልጄ ፊደሉን በጠራች ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልጄም በእያንዳንዱ ፊደል መጨረሻ ዞር ብላ ፊቷን ታያለች። ትክክል መሆኗን ለማረጋገጥ።

«አባዮ!» አለችኝ አከራዬ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ነይ ግቢ፣ ሻይ አለ። አዲስ አበባ እንዴት ናት?»

«ልጄ እዚህ ምን ታደርጋለች?»

«ትቀመጣለች። ሌሎቹ ሲቀመጡ እሷ ብቻዋን የት ትሁን?»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«በርሽን አንኳኳሁ። 'በኋላ' አልሽኝ። ቆይቼ ደግሞ አንኳኳሁ። ዋላሂ፣ እኔንም 'በኋላ' አልሽኝ!» ልጆቹ አፋቸውን በሉሑ ሸፍነው ሳቁ። ሳቃቸውን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሃይማኖት አላስተማርናትም፤ እንዳይመስልሽ። መዓሊሙን 'ፊደል ብቻ ይጻፉላት፣ እናቷ የራሷ መንገድ አላት' ብያቸዋለሁ። ፊደል ምን ያደርጋል? ደስ ይላታል፤ ፈጣን ናት።»

«ደስ የሚላትን የምመርጥላት እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ዶክተር? የሰረቅሁሽ ታስመስይዋለሽ። ዓይን ይሰረቃል እንዴ?»

ይሰረቃል፤ ልላትም አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ከበሩ ውጭ ጥሩምባው ረዘም ብሎ ተነፋ። ልጄ ፊደሉን ከመሃሉ ተወችው። ቀና አለች፤ ሉሑን አስቀመጠች፤ ተነስታ ሮጠች። ቀና ማለቷ፣ ማስቀመጧ፣ መሮጧ፣ ሁሉም ያ ወረቀት ፊት ለፊቴ ግማሽ የቀረ ዕለት ያየሁት ነው። ያን ዕለትም ጥሩምባ ተነፍቶ ኖሮ ይሆናል። ጅግጅጋ ውስጥ መኪና የማይጮኽበት ደቂቃ የለም፤ የእኔ አእምሮ ጩኸቱን መጣል ከለመደ ቆይቷል። የልጄ ግን አንዱን ጥሩምባ ከሁሉም ለይቶ ይጠብቅ ነበር። ከቀኝ የጀመረችበትም፣ መሃል ላይ ያቆመችበትም ምክንያት አንዲት ሴት ናት። ሕመም ቢሆን ኖሮ የእኔ ብቻ በሆነ ነበር።

አልጮኽኩም። ቤት ፈለግሁ። በወሩ መጨረሻ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ፣ የግቢ ጎረቤት ወደሌለው ቤት ተዛወርን። አከራዬ በዕቃ መጫኛው ቀን ከብርቱካንማው ጨርቅ ያሰፋችውን ትንሽ ቀሚስ አመጣች። «ቶሎ አልብሻት፤ ልጅ ያድጋል» አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ሻንጣ ሥር አኖርኩት። አሁን አጥሯት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ሙያዬ ነው። ጣቷን ይዤ ከግራ አስነሳሁት፤ ሀሁን በገበታ፣ ሥዕሉን በመጽሐፍ፣ ኮከቦቹን በወረቀት፣ በየቀኑ። ሌላም ጨዋታ ነበረን። መንገድ ላይ ስንሄድ «የሚያልፈውን አታዪ፤ እኔን እዪ» እላታለሁ። መኪና ሲጮኽ፣ ደማቅ ልብስ ሲያልፍ፣ ሰው ሲጣራ ሳትዞር ከቀረች ከቦርሳዬ ከረሜላ አወጣለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ቀልቧ የተሰበሰበ እንደሆነ መምህሯ ነገረችኝ። ባለቤቴ ግን አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁለታችንን ሲያይ ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ይቺ ልጅ አንቺን ስታይ ፈተና ላይ የተቀመጠች ትመስላለች።»

«ቢያንስ ታየኛለች» አልኩት።

አንድን ነገር ላለማየት አእምሮ መጀመሪያ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። መናቅ ሥራ ነው፤ እንደ ማየት ሁሉ ያደክማል። ይህንንም አስተምራለሁ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤት ጫማ ልንገዛ መሃል ከተማ ወጣን። አቋራጩ በጨርቅ ሱቆቹ መደዳ በኩል ነበር። ገና ከሩቅ አየኋት፤ ብርቱካንማ ለብሳለች፤ በሱቋ ደጅ ተደርድረው ከተሰቀሉት ጨርቆች ሁሉ የእሷን ለይቼ አየሁ። ልጄን ተመለከትኩ። ልጄ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«በኋላ! ኧረ በኋላ!» ጥሪዋ መንገዱን ሞላው። «ዶክተር ከሆኑ ሰላምታ ይቀራል እንዴ?»

ዞርኩ። ከሁለታችን የዞርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«እኔንስ ተዪኝ። እሷ ምነው? ጆሮዋን አመማት?»

«አላመማትም። ቀልቧን መሰብሰብ ተምራለች።»

አከራዬ ከጨርቆቹ መሃል ወጣች፤ ልጄ ፊት ጎንበስ አለች፤ ለልጄ ራሷ ያወጣችላትን ቅጽል በሶማልኛ ቀስ ብላ ጠራች። ልጄ ጫማዋን አየች። አከራዬ እጇን ወደ ጉንጯ ልካ ነበር፤ ከግማሽ መንገድ መለሰችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ላይ ጨርቅ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

«አድጋለች» አለች።

«አዎ፣ አድጋለች።»

መንገዳችንን ቀጠልን። እጄ ውስጥ ያለችው ትንሽ እጅ በላብ ርሳ ነበር። ከመደዳው ወጥተን ጥጉን እስክንታጠፍ አንገቷ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቆመች፤ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ሕፃን ሳለች፣ መስኮት አጠገብ ጋሪውን ካየች በኋላ ያየችኝ እንዲህ ነበር።

«እማዬ፣ አላየሁም አይደል?»

«አላየሽም» አልኳት። ቦርሳዬን ከፍቼ ከረሜላዋን ሰጠኋት።